ያልፈረመችው ፊርማ፦ የመድኃኒትና የመርዝ ተመራማሪዋ የዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ ታሪክ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ አንባቢዎች እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

 

ከመግሪብ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ከሚጠብቁን ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የዲን ጥያቄ ያላቸው ናቸው። መድኃኒት ይዘው የሚመጡም ግን አይታጡም። ከመድረሳው በተጨማሪ ኮሌጅ ስለገባን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እንድናነብላቸው ይፈልጋሉ። በአንድ ምሽት አንዲት እናት ከግማሽ በታች የቀረ የሽሮፕ ጠርሙስ አውጥታ፣ "ኡስታዝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሲያስለው ጠጥቶት የተረፈ ነው። ለኔም ልጅ ልስጠው እንዴ? እስቲ ያንብቡልኝ" አለችን። ጽሑፉ በአብዛኛው ተፍቋል። የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያበቃም አይነበብም። "ልጅሽን ሐኪም አይቶታል?" ብለን ብንጠይቃት ፈገግ አለችና፣ "ምን ክፋት አለው ኡስታዝ? ሽሮፕ እኮ ነው!" ስትል መለሰችልን።

"ሽሮፕ እኮ ነው" የምትለው ንግግር ከአእምሯችን አልወጣችም። ምክንያቱም በታሪክ ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ ከነርሱም ብዙ ሕፃናትን የገደለ አንድ ጣፋጭ ሽሮፕ ነበር። የዚያን ሽሮፕ መርዝነት ካጋለጡት ሰዎች ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት ወጣት ተማሪ ከ23 ዓመታት በኋላ አንድ ወረቀት ላይ አልፈርምም በማለቷ በርካታ ሕፃናትን ከአካል ጉዳት አትርፋለች። የዛሬው ዝግጅታችን የዚህችን ሴት የምርምር ሕይወት ይመለከታል። በዚያውም አንድ ጥያቄ እናነሳለን፦ "ጉዳት አልታየበትም" ማለትና "ደህንነቱ ተረጋግጧል" ማለት አንድ ናቸውን? የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ከካናዳ እስከ ቺካጎ

ፍራንሲስ ኦልድሃም የተወለደችው ጁላይ 24 ቀን 1914 በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው የቫንኩቨር ደሴት ነው። በሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በ1934 የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በ1935 ደግሞ በፋርማኮሎጂ የማስተርስ ዲግሪዋን አገኘች።

ፋርማኮሎጂ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ቶክሲኮሎጂ ደግሞ መርዝ ሰውነትን እንዴት እንደሚጎዳ ያጠናል። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዛሬ ያዳነ ነገር መጠኑ ሲያልፍ ወይም ለማይገባው ሰው ሲሰጥ ይጎዳልና።

ዘመኑ ሥራ የጠፋበት፣ ዓለም በኢኮኖሚ ውድቀት የተመታበት ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዩጂን ጋይሊንግ አዲስ የፋርማኮሎጂ ክፍል መክፈታቸውን የሰማችው ፍራንሲስ ረዳት ተመራማሪ ለመሆን ጻፈችላቸው። መልሱ ብዙም ሳይዘገይ መጣ፤ ተቀብለዋታል። ይሁንና ደብዳቤው የተላከው "ለሚስተር ኦልድሃም" ነበር። በእንግሊዝኛ ይህ ስም በአንዲት ፊደል ልዩነት የወንድም የሴትም ይሆናል፤ ፕሮፌሰሩም ወንድ መስለዋቸዋል። ፍራንሲስ ሴት መሆኗን አስቀድማ ማሳወቅ ይኖርባት እንደሆነ የማክጊሉን መምህሯን አማከረች። እርሳቸውም ሥራውን እንድትቀበልና ከፊርማዋ አጠገብ "ሚስ" ብላ እንድትጽፍ ብቻ መከሯት። እንዲሁ አደረገች፤ በ1936ም ቺካጎ ገባች።

ጣፋጩ ሽሮፕ

ቺካጎ በገባች በዓመቱ፣ በ1937፣ ያ ሽሮፕ መጣ። ፔኒሲሊን ገና በገበያ ላይ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሰልፋኒላማይድ የሚባል መድኃኒት ለጉሮሮ ሕመምና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች በክኒንና በዱቄት መልክ ይሰጥ ነበር፤ ጥቅሙም የታወቀ ነበር። በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት የሚገኝ አንድ ኩባንያ ታዲያ ሕፃናት በቀላሉ እንዲጠጡት ፈሳሽ ላድርገው ብሎ ተነሳ። መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም። የኩባንያው ኬሚስት ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘ። የእንጆሪ ጣዕምም ጨመረበት። ጣዕሙ፣ ሽታውና መልኩ ተፈተሸ፤ መርዝነቱ ግን አልተፈተሸም። የወቅቱም ሕግ ይህን አያስገድድም ነበር።

ሽሮፑ በተሸጠ በሳምንታት ውስጥ ሰዎች መሞት ጀመሩ። ጉሮሮው የታመመ ሕፃን ሽሮፑን ይጠጣል፤ ከዚያም ሽንቱ ይቆማል፤ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፤ ከቀናት ስቃይ በኋላም ይሞታል። በ15 የአሜሪካ ግዛቶች ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ። መድኃኒቱን የሰጡት እነማን ነበሩ? የሚወዷቸው እናቶቻቸው፣ የሚያክሟቸው ሐኪሞች!

ገዳዩ ምን እንደሆነ የመለየቱ ሥራ ወደ ፕሮፌሰር ጋይሊንግ ቤተ ሙከራ መጣ። ተመራማሪዎቹ የሽሮፑን ክፍሎች ለየብቻ ለእንስሳት ሰጡ። ሰልፋኒላማይዱን ብቻ የወሰዱት ደህና ሆኑ። ማሟሟያውን የወሰዱት ግን ሽንታቸው ቆሞ ሞቱ። ወጣቷ ፍራንሲስ አይጦቹን እየተከታተለች የምታየውን ትመዘግብ ነበር። ትልቁን ትምህርት የቀሰመችውም እዚህ ነው። መድኃኒቱ ራሱ የታወቀና ጠቃሚ ነበር፤ የገደለው ማንም ያልጠየቀበት ማሟሟያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መንግሥት ሽሮፑን ከገበያ የሰበሰበው መርዝ ነው በሚል ክስ አልነበረም፤ መርዛማ መድኃኒት መሸጥን የሚከለክል ሕግ አልነበረምና። የተያዘው በስሙ ነው። ኩባንያው ምርቱን "ኤሊክሲር" ብሎት ነበር፤ በሕጉ መሠረት በዚህ ስም የሚጠራ መድኃኒት አልኮል ሊኖረው ሲገባ ይህኛው ግን አልነበረውም። ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይመለከት ነበር ማለት ነው። በነገራችን ላይ "ኤሊክሲር" የሚለው ቃል "አል-ኢክሲር" ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። እኛ ሽሮፕ የምንለውም በአውሮፓ ቋንቋዎች ዞሮ የመጣ "ሸራብ" የሚል የዐረብኛ ቃል ነው።

ከቃሉ ጋር የመጣ ልምድም ነበር። በጥንቱ የሙስሊሞች ከተሞች ገበያውን የሚቆጣጠር ሙሕተሲብ የሚባል ሹም እንደነበር ይታወቃል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች መመሪያ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ሽሮፕ ለሚያዘጋጁና መድኃኒት ለሚሸጡ ሰዎች የተለዩ ምዕራፎች መድበዋል። የመድኃኒት ሻጭ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ትናንት የመጣ አይደለም ማለት ነው።

የ1937ቱ እልቂት በ1938 አዲስ ሕግ አስወጣ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ አንድ አምራች አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱን ማሳየት ግዴታው ሆነ። ፍራንሲስም የዶክትሬት ዲግሪዋን ያገኘችው በዚያው በ1938 ነው።

ጥንቸሎቹ ያስተማሩት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የጃቫን ደሴት በ1942 ስትይዝ ለወባ መድኃኒት የሚሆነው ኪኒን የሚገኝበት ዋነኛ የዛፍ እርሻ በእጇ ገባ። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ ምትክ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ተጧጧፈ፤ ዶክተር ፍራንሲስም ተሳተፈችበት። ከሥራ ባልደረባዋ ከዶክተር ኤሊስ ኬልሲ ጋር ሆና ኪኒን በጥንቸል ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚብላላ መረመሩ። የጥንቸል ጉበት ኪኒንን በፍጥነት ይሰባብራል። ያረገዘች ጥንቸል ግን ይህን የማድረግ አቅሟ ይቀንሳል። በማህፀኗ ያለው ጽንስማ ጨርሶ አይችልም።

አንባቢ ሆይ! ይህን ግኝት ልብ በል። እናትየዋ የምትችለውን መድኃኒት ጽንሱ ላይችለው ይችላል ማለት ነው። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ አያስቡም ነበር። ፍራንሲስ ግን በጥንቸሎቹ ላይ አይታዋለች።

በ1943 ከዶክተር ኤሊስ ጋር ተጋቡ፤ ሁለት ሴት ልጆችንም አፈሩ። በ1950 ደግሞ በሕክምና ተመረቀች። ከዚያ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት አስተማረች፤ ሐኪም ሆናም ሠራች። በ1960 ቤተሰቡ ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር እርሷም በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ዕድሜዋ 46 ነበር።

ስልሳ ቀን

በሴፕቴምበር 1960 ሥራ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ጠረጴዛዋ ላይ ደረሱ። አንዱ ኬቫዶን ለተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት የቀረበ ማመልከቻ ነበር። ትክክለኛ መጠሪያው ታሊዶማይድ ነው። በጀርመን ግሩነንታል የተባለው ኩባንያ ከኦክቶበር 1957 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጠው ነበር። በሌሎች በርካታ አገሮችም ተሠራጭቷል። እጅግ ደህና ነው ስለተባለ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ሳይቀር ይሰጥ ነበር። በአሜሪካ ለመሸጥ ያመለከተው ሜሬል የተባለው ኩባንያ ነው። አዲሷ ሠራተኛ ቀለል ባለ መዝገብ ሥራዋን ትጀምር ተብሎ የተሰጣት ነበር።

የ1938ቱ ሕግ አንድ ቀዳዳ ነበረው። መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀናት ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር ዝምታ ፈቃድ ነበር። ዶክተር ኬልሲ ግን ዝም አላለችም። ከፋርማኮሎጂ ባለሙያው ከጂሮ ኦያማና ከኬሚስቷ ከሊ ጋይስማር ጋር መዝገቡን አገላበጡት። ከሐኪሞች የተሰበሰበው ማስረጃ በአብዛኛው "ጥሩ ነው" የሚል ምስክርነት እንጂ በደንብ የተካሄደ ጥናት አልነበረም። መድኃኒቱ ሰውን ሲያስተኛ የሙከራ እንስሳትን ግን አያስተኛም። ታዲያ እንስሳቱ አልተጎዱም የሚለው ለሰው ምን ዋስትና ይሆናል? ምናልባት በነርሱ ሰውነት ውስጥ በአግባቡ አልገባ ይሆናል። ስለዚህ በኖቬምበር 1960 "ማስረጃው በቂ አይደለም" የሚል ደብዳቤ ጻፈች። ኩባንያው ተጨማሪ ማስረጃ ባመጣ ቁጥር የ60 ቀኑ ቆጠራ እንደገና ይጀምራል፤ እርሷም በጊዜው ሌላ ጥያቄ ትጽፋለች።

በፌብሩዋሪ 1961 አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ስታነብ ታሊዶማይድን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች እጅና እግራቸውን መደንዘዝና መውረር እንደጀመራቸው የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አገኘች። ነርቭ የሚጎዳ መድኃኒት ጽንስ ውስጥ ቢገባ ምን ያደርጋል? የጥንቸሎቹ ትምህርት ተመልሶ መጣ። ኩባንያው መድኃኒቱ በእርግዝና ጊዜ ደህና መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያመጣ ጠየቀችው። ማስረጃ አልነበረውም።

የኩባንያው ሰዎች ወደ 50 ጊዜ ያህል ደወሉ፣ ጻፉ፣ ቢሮ ድረስም መጡ። አለቆቿ ዘንድ ከሰሷት። "በሌላው ዓለም ሁሉ የሚሸጥ መድኃኒት እዚህ ለምን ይታገዳል?" አሉ። በእርግጥም የሚያስቸግር ጥያቄ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ጽንስን እንደሚጎዳ እርሷም አታውቅም ነበር። የምታውቀው ደህንነቱ አለመረጋገጡን ብቻ ነው። ለእርሷ ግን ይህ በቂ ነበር። አለቆቿም ከጎኗ ቆሙ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ዜና

በኖቬምበር 1961 የሐምቡርጉ የሕፃናት ሐኪም ዊዱኪንድ ሌንዝ፣ ከእርሱም ጋር በተቀራረበ ጊዜ በአውስትራሊያ ዊልያም ማክብራይድ፣ እጅና እግራቸው እጅግ ያጠረ ወይም ጨርሶ የሌላቸው ሕፃናት እየተወለዱ መሆኑን ከታሊዶማይድ ጋር አያያዙት። በዚያው ወር መጨረሻ መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ተነሳ። በአሜሪካ ያመለከተው ኩባንያም በማርች 1962 ማመልከቻውን ሳበ።

በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት በዚህ መድኃኒት ጉዳት ደርሶባቸው ተወልደዋል፤ ብዙዎቹም በጨቅላነታቸው ሞተዋል። አደገኛው ጊዜ ከተፀነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ያህል ነው። ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ በማያውቁበት በዚህ ጊዜ አንዲት ክኒን ብቻ በቂ ነበረች። የዶክተር ኬልሲ የትውልድ አገር ካናዳ መድኃኒቱን ፈቅዳ ስለነበር እዚያም የተጎዱ ሕፃናት ተወልደዋል። በአሜሪካ በመዝገብ የታወቁት 17 ናቸው። እነዚህስ ለምን? ኩባንያው "ለሙከራ" በሚል ከ1,000 ለሚበልጡ ሐኪሞች ከ2 ሚሊዮን በላይ ክኒን አስቀድሞ አድሎ ነበርና ነው። ክኒኑን ከወሰዱት ብዙዎቹ ሙከራ ላይ መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

በጁላይ 1962 ታሪኩ በጋዜጣ ወጣ። ኦገስት 7 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሲቪል አገልጋዮች የሚሰጠውን ከፍተኛ ሜዳሊያ አጠለቁላት። እርሷ ግን ምስጋናው ለባልደረቦቿና ለአለቆቿም እንደሚገባ ትናገር ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የወጣው ሕግ ደግሞ የ60 ቀኑን ቀዳዳ ደፈነው። መድኃኒት ደህና ብቻ ሳይሆን የሚያድን መሆኑም እንዲረጋገጥ፣ የሚሞከርበት ሰውም አውቆ እንዲስማማ ሕጉ አዘዘ። የሙከራዎቹን ቁጥጥር እንድትመራ የተመረጠችው ዶክተር ኬልሲ ነበረች። እስከ 2005 ድረስ፣ ዕድሜዋ 90 እስኪሆን ሠርታ ጡረታ ወጣች። ሜዳሊያውን በተሸለመች በ53ኛ ዓመቱ በዚያው ቀን፣ ኦገስት 7 ቀን 2015፣ በ101 ዓመቷ በካናዳ አረፈች።

መርዝም መድኃኒትም

ታሊዶማይድ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ1964 በቁድስ ከተማ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አንድ ሐኪም በበሽታው ሳቢያ በሚመጣ ከባድ የቆዳ ሕመም ለሚሰቃዩ ሰዎች ሰጥቶት ፈጣን ለውጥ አየ። በ1998 በአሜሪካ ራሱ ዶክተር ኬልሲ በነበረችበት መሥሪያ ቤት ለዚሁ ሕመም ተፈቀደ፤ በ2006 ደግሞ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት። ነገር ግን በጥብቅ ቁጥጥር ነው፤ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው ምርመራና ክትትል ይደረጋል። ጽንሱን እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ የሚያስችለው ቁልፍ የተገኘውም በ2010 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከየትኛው ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ ያኔ ለዩ። ዶክተር ኬልሲ ይህ ሁሉ እስኪታወቅ ብትጠብቅ ኖሮ 50 ዓመት በፈጀ ነበር። ማስረጃ የማምጣቱ ግዴታ የሻጩ እንጂ የሕፃኑ እናት አይደለም ብላ ቆመች። ሥራዋን አማና ያሰኘውም ይኸው ነው።

ለቤታችን የሚሆነው

ይህ የሩቅ አገርና የድሮ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ሌላም እንንገረው። በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ሽሮፕ ጠጥተው ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በሽሮፖቹ ውስጥ ምን እንደተገኘ ገለጸ። ያው የ1937ቱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ከመሰሉ ጋር! በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ ወደ 200 የሚደርሱ ሕፃናት በተመሳሳይ ምክንያት አለቁ። በኡዝቤኪስታንም እንዲሁ ሕፃናት ሞቱ። ሱብሐነላህ! ከ85 ዓመታት በኋላ ያው መርዝ፣ በያው ጣፋጭ ሽሮፕ፣ በያው የእናት እጅ! ሦስቱም የሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አገሮች ናቸው። እውቀቱ ከ1937 ጀምሮ ነበር፤ የጎደለው በእውቀቱ የሚቆጣጠር ነው።

እንግዲህ በየቤታችን እንደ ዶክተር ኬልሲ ጠያቂ መሆን ማናችንንም አያቅተንም። ቤተ ሙከራ የለንም፤ አንደበት ግን አለን። መድኃኒቱን ማን አዘዘው? ለማን ታዘዘ? የተገዛው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ነው ወይስ በሻንጣ ከመጣ ዕቃ መካከል? ጊዜው አላለፈም? ሚስታችን ወይም እህታችን ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ልትሆን ከቻለች ለሐኪሙ ተነግሮታል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪገኝ ድረስ ክዳኑን አለመክፈት ነው። ይህ ማለት ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በፍርሃት መተው ማለት አይደለም። ዶክተር ኬልሲም ሐኪም ነበረች፤ መድኃኒትን በሙሉ አልጠላችም። ያልተረጋገጠውን ብቻ ነው የመለሰችው።

ያችን እናት ምን አልናት? "እናታችን፣ ይህን ሽሮፕ እኛም አናውቀውም፣ አንቺም አታውቂውም። የጎረቤትሽ ልጅ ስለዳነ ያንቺ ልጅ ይድናል ማለት አይደለም። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው" አልናት። ቅር እያላት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ መጣችና ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዳዘዘለት ነገረችን። "ያኛውን ጠርሙስስ?" አልናት። "ደፋሁት ኡስታዝ" አለችን። ሽሮፑ ደህና ይሁን አይሁን እስከዛሬ አናውቅም። ማወቅም አላስፈለገንም።

ለዛሬው በዚሁ እናብቃ። ኢንሻአላህ በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።